ልጄ ጸደይ የሆነ ጊዜ

ሚያዝያ ሊያልቅ አካባቢ ነው። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ልጄ ከጓዳ እየሮጠ መጣ። «እማ፣ ጸደይ ሆንኩ!» አለኝ።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሦስተኛ ክፍል ነው። ትምህርት ቤታቸው በየዓመቱ ሰኔ ላይ ለወላጆች ቀን ድራማ ያሳያል። ያሁኑ ስለ አራቱ ወቅቶች ነው። አራት ልጆች ተመርጠው አንድ አንድ ወቅት ደርሷቸዋል። የቀሩት ዛፍ፣ ደመናና ወፍ ሆነው ከኋላ ይቆማሉ። የኔው ልጅ ጸደይ ደረሰው። ደብተሩን ገልጦ አሳየኝ። መምህርቷ ያስጻፈችው አራት መስመር ነው።

«እኔ ጸደይ ነኝ። ክረምት ሲያልፍ መጣሁ። ሜዳውን አደይ አበባ አለበስኩ። ልብሴ ቢጫ ነው፣ ስሜም ደስታ።»

ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «ቢጫ ቲሸርትና የወረቀት አክሊል ይዘጋጅለት» የሚል አለ። እኔ ያሰብኩት ቢጫውን ከየት እንደማገኝ ብቻ ነው። ጽሑፉ ላይ ምንም አልታየኝም። እኔም ስማር ጸደይ ማለት አበባ ነበር። ሥዕሉን እንኳ አስታውሰዋለሁ። ቢራቢሮ፣ አበባ፣ ቀስተ ደመና።

ለግንቦት ልደታ ወደ ቤተሰቦቼ ወረድን። ያሉት ከማክሰኚት ወጣ ብሎ ነው። ከጎንደር አዘዞን፣ ከዚያ ጠዳን አልፎ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚኒባስ፣ ቀጥሎ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። ልጄ በመንገድ ሁሉ አራቷን መስመር ሲደጋግም ነበር። አጠገባችን የተቀመጡ እናት ማክሰኚት ስንደርስ እሳቸውም በቃላቸው ይዘውት ነበር።

ከከተማ የመጣ ሰው የኛን አገር በግንቦት መባቻ ቢያየው የሞተ ይመስለዋል። ሣር የለም። ከታች ያለው የዋልካ መሬት ተሰነጣጥቋል። ስንጥቁ የሕፃን እጅ እስከ ክርን ያስገባል። ምንጩ ቀጥኗል። ወንዙ እዚህም እዚያም ኩሬ ሆኖ ተቆራርጧል። በሬዎቹ የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል። አባቴ ሁለት በሬ አለው፣ ወይኖና ቡሬ። የጤፉን ጭድ ከጥር ጀምሮ እየቆጠበ ለዚህ ወር ያስቀምጥላቸዋል። በጥር ሣር ሞልቶ እያለ እናቴ «ለምን አትሰጣቸውም?» ስትለው መልሱ አንድ ነው። «ግንቦት አለ» ይላል።

ልደታ እንደምታውቁት ደጅ ነው የሚከበረው። እመቤታችን በሊባኖስ ተራራ ደጅ ተወለደች ተብሎ፣ ጎረቤት ሁሉ ንፍሮውን ቀቅሎ፣ ጠላውን ይዞ ይወጣል። እሳት ይነዳል። ሰው ሲሰበሰብ ልጄን «እስቲ ድራማህን አሳየን» አሉት። ቆመ። እጁን ዘረጋ። አራቷን መስመር ሳያቋርጥ ተናገረ። ሁሉም እልል አሉለት። እናቴ ጉንጩን ሳመችው።

አባቴ አላጨበጨበም። «እስቲ ድገምልኝ» አለው።

ደገመ።

«አሁን ወሩ ማነው?»

«ግንቦት።»

«ወቅቱስ?»

ልጄ ወደኔ አየ። «በጋ?» አለ እየፈራ።

«በጋማ መጋቢት 25 ወጣ» አለ አባቴ። «ጸደይ ነው እኮ። ዛሬ 36ኛ ቀኑ ነው። እስቲ አደይ አበባ ፈልገህ አምጣልኝ።»

ልጄ ግራ ቀኙን አየ። ከእሳቱ በቀር ቢጫ ነገር አልነበረም።

አባቴ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነው። ዲያቆን ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አባቱ ሞቱበት፣ ሞፈሩ እሱ ላይ ወደቀ። ባሕረ ሐሳቡ ግን ከጣቱ አልወጣም። ልጄን አጠገቡ አስቀምጦ በአንጓው ያስቆጥረው ጀመር። መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25። በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25። ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25። ሦስቱ 90፣ 90 ቀን ናቸው። ክረምት ጳጉሜን ስለያዘ 95 ይሆናል፣ በአራት ዓመት አንዴ 96። ልጄ ይቺን የጳጉሜን ነገር በጣም ወደዳት። «ክረምት ትርፍ ቀን አለው ማለት ነው?» እያለ ማታውን ሙሉ ሲጠይቅ ቆየ።

«ታዲያ አበባው የማነው?» አለ።

«የመፀው ነዋ። ጽጌ መቼ ነው የሚጾመው?» አለች እናቴ ከእሳቱ ማዶ። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። ግን ዘመነ ጽጌ መስከረም 26 ገብቶ ኅዳር 5 እንደሚወጣ፣ ሌሊቱን ማኅሌት ሲቆም፣ በዝማሬው አበባና እመቤታችን አብረው ሲጠሩ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ሰምታለች። ለእሷ አበባና ጸደይን ማገናኘት ፋሲካን ከመስቀል ጋር እንደማምታታት ነው።

እኔ ዝም አልኩ። አፈርኩ ልበል። የገበሬ ልጅ ነኝ። እዚሁ ነው ያደግኩት። ጸደይ ሲባል ግን በዓይኔ የሚመጣው በዚህ ሜዳ አይቼው የማላውቀው ሥዕል ነው። ኋላ ሳስበው የተሳሳትንበት ቦታ የገባኝ ይመስለኛል። የፈረንጆቹ የአበባ ወቅትም የሚውለው በኛ መጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦት ነው። ስሙ ሲተረጎም ጸደይ ተባለ። ወሩ ገጥሟል። ያልገጠመው አበባው ነው። እነሱ ዘንድ በረዶው ቀልጦ መሬቱ የሚያብበው ያኔ ነው። እኛ ዘንድ ግን ከዓመቱ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። አበባችንም ዝናቡን ተከትሎ ይመጣል። እኛ ስሙን ከነሥዕሉ ወሰድነው። ከዚያ ሥዕሉ ከወሩ ጋር አልሄድ ሲል፣ ጸደይን ራሱን ነቅለን መስከረም ላይ ተከልነው። በዚህም የተነሳ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሰኔ ያለው ጊዜ፣ ገበሬው በዓመት ከሁሉ በላይ የሚያስብበት ጊዜ፣ ለልጆቻችን ስም የለሽ ሆነ። ይሄ ትንሽ ነገር አይመስለኝም። ስም የሌለውን ነገር ልጅ አያየውም።

ያን ሌሊት ዝናብ ጣለ። አቧራውን የሚያረጥብ ያህል ነው፣ ብዙ አይደለም። ቆርቆሮው ላይ ኮሽ ሲል አባቴ ተነስቶ በሩን ከፍቶ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ «ይበቃል» ሲል ሰማሁት፣ ለራሱ። የአፈሩ ሽታ እስከ ውስጥ ገባ። እኔ ጎንደር ከተማ ውስጥ ያ ሽታ አይገኝም ብዬ አላውቅም፣ ይገኛል። እዚህ ግን ከአፈሩ ጋር የእበት፣ የአመድና የገለባ ሽታ አብሮ ይነሳል።

ጠዋት ግቢው በአሸን ተሞልቷል። «እንደ አሸን ፈላ» እንላለን እንጂ የከተማ ልጅ አሸንን ራሱን አያውቀውም። ልጄ አፉን ከፍቶ ቆመ። ከመሬቱ ቀዳዳ፣ ክንፋም ምስጥ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየወጣ ይፈላል። ብርሃኑን እያየ ጥቂት ይበርና ክንፉን ጥሎ ይወድቃል። ዶሮዎቹ መሮጥ እስኪያቅታቸው ይለቅማሉ። ክንፉ ብቻ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኖ፣ ደጃፉ ላይ ቀረ። ልጄ አንድ እፍኝ ሰብስቦ በደብተሩ መካከል አስቀመጠው። እስካሁን አለ።

አባቴ ወደ ላይኛው መሬት ይዞት ወጣ። እኔም ተከተልኩ። ይሄ ቀይ መሬት ነው፣ የዳጉሳው። የታችኛው ዋልካ ጤፍና ሽምብራ ነው የሚይዘው፣ ተራው ገና ነው። ዳጉሳ ሰኔ ላይ ይዘራል፣ እስከዚያ ድረስ አፈሩ እስኪደቅ ደጋግሞ መታረስ አለበት። በሬዎቹ ተጠመዱ። ቀንበሩ ጫንቃቸው ላይ ሲያርፍ ወይኖ ራሱን ዝቅ አድርጎ ይቀበላል። ቡሬ ሁሌም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ማረሻው ባለፈው እርሻ የወጣውን ጓል እየሰነጠቀ ሄደ። ከላይ እርጥብ ነው፣ ከሥር ደረቅ ነው። ከፈሩ አቧራ ይነሳል። በሬዎቹ ሁለት ፈር ሄደው ቆሙ። አባቴ አልመታቸውም። ጅራፉን በአየር ላይ አጮኸና ጠበቃቸው። ልጄ እንዲህ ሲጠብቅ አይቶት «ለምን አትመታቸውም?» አለው።

«ጉልበታቸው ባዶ ነው። የኔም እንደዚያው። ጸደይ እንዲህ ነው» አለው።

ከዚያ እርፉን አስጨበጠው። የልጄ እጅ ከእጁ ሥር ገባ። አሥር እርምጃ ያህል አብረው ሄዱ። ልጄ እርፉን ሲገፋው ማረሻው ከመሬት ይወጣል፣ ሲለቀው ይጠልቃል። አባቴ «አትግፋው፣ ያዘው ብቻ» ይለዋል። ሲመለሱ ልጄ መዳፉን አየው። ቀልቷል። ደስ ብሎት ለእናቴ ሊያሳይ ሮጠ።

እናቴ ጭስ ቤት ነበረች። ከምድጃው በላይ፣ ከማገሩ ላይ፣ የማሽላ ዛላ ታስሮ ተሰቅሏል። ጭሱ አጥቁሮታል። ነቀዝ እንዳይነካው ነው። ባለፈው መኸር ከማሳው መካከል ያማረውን፣ ፍሬው የሞላውን ዛላ እየመረጠች ለዘር ያስቀመጠችው ነው። የዳጉሳው ዘር ደግሞ በትንሽ ጎታ፣ አፉ በእበት ተመርጎ ተቀምጧል። እኔ ልጅ ሆኜ በክፉ ዓመት ምሳ ሳንበላ የዋልንባቸው ቀናት ነበሩ። ያ ጎታ ግን አልተከፈተም። አጠገቡ ተቀምጬ እርቦኝ አውቃለሁ። ዘር አይበላም። ይሄን የምጽፈው ጎታው አሁንም እዚያው ጥግ ስለሆነ ነው።

ልጄ ከአያቱ ጋር ሆኖ አዲስ አራት መስመር ጻፈ። አባቴ እያለ፣ እሱ እየጻፈ። ወደ ጎንደር ስንመለስ በሚኒባስ ውስጥ የሚደጋግመው ይሄን አዲሱን ነበር።

«እኔ ጸደይ ነኝ። መጋቢት 26 እገባለሁ። አበባ አልያዝኩም፣ ዘር ይዣለሁ። መሬቱ ባዶ ነው፣ በሬዎቼም ከስተዋል። ዝናብ ይምጣ፣ እኛ አርሰን ጨርሰናል።»

መምህርቷ ጋ ሄድኩ። ወጣት ናት፣ ሥራዋን የምትወድ። ልጁ ከኔ ቀድሞ ሁሉንም ነግሯት ኖሯል፣ የጳጉሜኗን ትርፍ ቀን ጭምር። መጀመሪያ አልተዋጠላትም። «ድራማው ደስ የሚል እንዲሆን ነበር ያሰብኩት። ወላጆች የከሳ በሬ ሊያዩ አይመጡም» አለችኝ። ልክ ናት። እኔም ወላጅ ነኝ፣ ልጄን በቢጫ ልብስ ማየት እፈልጋለሁ። «ቢጫውስ ምን ይሁን?» አለች። ልጄ ከጎኔ ሆኖ «ለመኸሯ ልጅ ስጫት፣ የእሷ ነው» አላት።

መኸር የሆነችው ልጅ ማጭድ ይዛ የምትወጣ ነበረች። መምህርቷ ወረቀቷን አውጥታ ብዙ አየችው። ከዚያ «የኔም አባት ገበሬ ነው፣ ወገራ። እዚያ ገብስ ነው» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። በነጋታው መኸር የሚለው ተሰርዞ መፀው ተባለ። ልጅቷ አበባውንም ማጭዱንም ወሰደች፣ ምክንያቱም መፀው በአበባ ገብቶ በአጨዳ ነው የሚወጣው። ቤቷ ሄዳ «ሁለት ነገር ደረሰኝ» ብላ እንደጨፈረች እናቷ ነገረችኝ።

ግንቦት አጋማሽ ላይ መንገዱ ተዘጋ። በነዚህ ዓመታት በኛ በኩል መንገድ አንዴ ይዘጋል፣ አንዴ ይከፈታል። ሰው ለምዶታል ማለት አልፈልግም። ይጠብቃል። ልጄ ቅዳሜና እሁድ ከአያቱ ጋር ሊለማመድ አስቦ ስለነበር አለቀሰ። ስለዚህ በስልክ ሆነ። አባቴ ኔትወርክ የሚያገኘው ከቤቱ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ወጥቶ ነው። ማታ ማታ፣ በሬዎቹን አስገብቶ፣ ይወጣል። ልጄ በኛ ሳሎን መሐል ቆሞ ይናገራል።

«አልሰማም!» ይላል አባቴ። «ከወንዝ ማዶ ላለ ሰው እንደምትናገር በል!»

ልጄ ይጮሃል። ጎረቤቶቻችን አንድ ቀን ምን ሆናችሁ ብለው መጡ።

ገበሬ ከማሳ ማሳ ሲጠራራ ድምፁን አይጮህበትም፣ ያረዝመዋል። ቃሉን ይይዝና መጨረሻውን ይለቀዋል። አባቴ ያን ነበር የሚያስተምረው። እኔ ልብስ እያጣጠፍኩ አዳምጣለሁ። ስለ ልጄ ደስ ይለኛል። ግን ሌላም ነገር ይሰማኝ ነበር፣ አልደብቅም።

ሰባተኛ ክፍል እያለሁ ለወላጆች ቀን ግጥም አቅርቤ ነበር። ስለ ውኃ። ሰኔ ነበር፣ ማክሰኞ። አባቴ እንደማይመጣ አውቃለሁ። ዳጉሳው የሚዘራበት ሳምንት ነው፣ ዝናቡ ሁለት ቀን ከጠበቀህ ሦስተኛውን አይጠብቅህም። አውቃለሁ። ሆኖም ግጥሙን እስክጨርስ ከአጥሩ በር ዓይኔን አልነቀልኩም። የሌሎች አባቶችም አልመጡም። የመጡት የመንግሥት ሠራተኞችና ነጋዴዎች ነበሩ። ማታ ቤት ስገባ አባቴ እግሩን ሲታጠብ አገኘሁት፣ ቀይ ጭቃ እስከ ጉልበቱ። «እንዴት ነበር?» አለኝ። «ደህና» አልኩት። በዚያው ቀረ። ሃያ ምናምን ዓመት።

የልጄ ቀን የተቆረጠው ለሐሙስ ነው። ሰኔ፣ ክረምት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው። መንገዱ ተከፍቷል። አባቴን ና አላልኩትም። ቅዳሜ ወይም እሁድ ቢሆን ኖሮ ሞፈር ስለማይነካ እጠይቀው ነበር። ሐሙስ ግን የሥራ ቀን ነው፣ ለዓርብ ደግሞ ወንፈል እንዳለበት ነግሮኛል። ልጄንም አዘጋጀሁት። «አባባ ሥራ አለው» አልኩት። «አውቃለሁ፣ ጸደይ ነው» አለኝ።

የልብሱ ነገር ቀላል ሆነ። የኔ አሮጌ ነጠላ እንደ ኩታ ታጠቀ። ቁምጣ። ባዶ እግር። እናቴ በሚኒባስ ሹፌር በኩል ትንሽ እንቅብ ልካለት ነበር። ውስጡ ከጎታው የወጣ ዳጉሳ አለ፣ ሁለት እፍኝ። ዳጉሳን በቅርብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደ ሰናፍጭ ክብ ነው፣ ጠይም ቀይ። እጅ ሲገባበት እንደ ውኃ ይሸሻል። ልጄ ሲተኛ እንቅቡን ከራስጌው አስቀመጠው።

ሐሙስ ጠዋት ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ አወጣሁና ሄድኩ። አዳራሹ ቆርቆሮ ነው። ወላጆች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። የሚኒ ሚዲያ ልጆች ማይኩን «አንድ፣ ሁለት፣ ሙከራ» ይላሉ። መዝሙር ተዘመረ፣ ሽልማት ተሰጠ። ድራማው ሲጀምር ሰማዩ ጠቆረ። ክረምት የሆነው ልጅ ጥቁር ጃንጥላ ይዞ ወጣ፣ ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። መፀው በቢጫዋ ወጣች፣ ማጭዷን ከጀርባዋ ደብቃ በመጨረሻ አወጣችው። በጋ የሆነው ልጅ ግንባሩን እየጠረገ ገባ። እሱ እየተናገረ ሳለ ዝናቡ መጣ።

የሰኔ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። መብራቱም ሄደ። ማይኩ ሞተ። አዳራሹ ጨለም አለ። የበጋው ልጅ አፉ ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ ድምፅ የለም። ልጁ ተደናግጦ ወጣ። መምህርቷ ከዳር ሆና ወደ ጣሪያው አየች።

ልጄ ገባ። በባዶ እግሩ፣ እንቅቡን በግራ ክንዱ ታቅፎ። ዝናቡ ጋብ እስኪል የሚጠብቅ መስሎኝ ነበር። አልጠበቀም። አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ማዶ ላለ ሰው፣ ቃሉን አርዝሞ ለቀቀው።

«እኔ ጸደይ ነኝ!»

ከኋላዬ ያሉ ሰዎች ዝም አሉ። ቃሉ ሁሉ ተሰማ፣ መጋቢት 26ም፣ የከሱት በሬዎችም። «ዝናብ ይምጣ» ያለ ጊዜ ዝናቡ ይባስ ወረደበት። አዳራሹ በጭብጨባና በእልልታ ተናጋ። ከዚያ ከእንቅቡ አንድ እፍኝ ዘግኖ እንደ ዘሪ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ በመድረኩ ላይ በተነው። ይሄን ማንም አላስተማረውም። አይቶ ነው። ዳጉሳው ሲሚንቶው ላይ እየነጠረ እስከ መጀመሪያው ወንበር ድረስ ተንከባለለ።

ዞር ስል አባቴን አየሁት።

በሩ ላይ ቆሟል። ጋቢው ረጥቧል። ኮንጎ ጫማው ላይ ቀይ ጭቃ አለ። መቼ እንደመጣ አላውቅም። መምህርቷ ወንበር ልትሰጠው ስትሄድ «እዚሁ ይሻለኛል፣ ልጄ» ብሎ እንደቆመ ኋላ ነገረችኝ። ልጄን እያየ አልነበረም፣ ወይም እሱን ብቻ አልነበረም። አንድ ዓይኑ ልጁ ላይ፣ አንዱ ውጭ የሚወርደው ዝናብ ላይ ነው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አራቷን መስመር አብሮ እያለ ነበር።

በሬዎቹን ለጎረቤት ሰጥቶ ነው የመጣው። ምሳ እንብላ ስለው እምቢ አለ። ይሄ ዝናብ እዚያም ከጣለ ለነገው ወንፈል መሬቱ ደርሷል ማለት ነው፣ ማታውን ዘሩን ማውጣት አለበት። ወደ መናኸሪያው አብረን ወረድን፣ ልጄ መሐላችን፣ በአንዱ ጃንጥላ ሦስታችን። ልጄ የቀረውን ዳጉሳ ከነእንቅቡ ሰጠው። መድረክ ላይ የወደቀውንም ከጓደኞቹ ጋር ተንበርክኮ ሲለቅም ነበር፣ አዋራም ገብቶበታል። አባቴ ሁሉንም ተቀበለው። በጋቢው ጫፍ ቋጠረው፣ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ሳበና አጠበቀው።

ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ቆመን ነበር። ረዳቱ «ማክሰኚት! ማክሰኚት! ሁለት ሰው!» ይላል። አባቴ ወደኔ ሳያይ፣ ቋጠሮውን እያሻሸ፣ «ያንቺው ምን ነበር የሚለው?» አለኝ።

«የቱ?»

«የውኃው። ያን ጊዜ ያቀረብሽው።»

ስለ ውኃ መሆኑን ነግሬው አላውቅም። እናቴ ነግራው ይሆናል። ወይም ስለማመድ ሰምቶኝ። ጉሮሮዬ ተያዘ። ልጄ ቀና ብሎ አየኝ። ሰው ይሄዳል ይመጣል፣ ጭቃው ይረጫል። እንዳልረሳሁት ያወቅኩት አፌን ስከፍት ነው።

«ውኃ ሕይወት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፣
እንስራ አዝዬ ምንጭ ስወርድ ግን አይቻለሁ...»

እስከ መጨረሻው አልኩት። አሥር መስመር ነው። አባቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማኝ። ሲያልቅ «እሰይ» አለ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ትከሻዬን ሦስቴ ስሞኝ፣ ልጄን አቅፎ አንስቶት፣ ገባ። በመስኮቱ በኩል ቦታ ይዞ ሲቀመጥ ሹፌሩን ሲጠይቅ ሰማሁት።

«ልጄ፣ ከጠዳ ወዲያ ዘንቧል?»